አባቴ የሚቆጡት ተጫዋች

መጀመሪያ የሰማሁት ጩኸታቸውን ነው። ሞጣ ከመኪና ወርጄ የቤታችንን የግቢ በር ስከፍት አባቴ «ተው! ተው አልኩህ!» ይላሉ። ሰባውን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ከመደብ አይወርዱም። ሌባ የገባባቸው መስሎኝ የያዝኩትን ፌስታል ጥዬ ሮጥኩ። ቤት ውስጥ ሌላ ማንም የለም። አባቴ መቋሚያቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስረው አንድ የቴኒስ ተጫዋች ይቆጣሉ።

ቴሌቪዥኑንም ዲሹንም ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ። የማስተምረው ቢቸና ነው፤ መንገዱ ክፍት ሲሆን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በደብረ ወርቅና በግንደወይን አድርጌ መጥቼ እጠይቃቸዋለሁ። ቅዳሴና ስብከት ይዩበት ብዬ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ ሰው፣ ቁምጣ የለበሱ ጎረምሶች ኳስ ሲለጉ እያዩ አገኛቸዋለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

«የኔታ፣ ምን ነካዎት?» አልኳቸው። ልጃቸው ብሆንም ከተማሪ ቤት ጀምሮ የምጠራቸው እንዲያ ነው።

«ቁጭ በል። ሕዝቡን ተመልከት» አሉኝ። «የእግር ኳሱ ይንጫጫል። ይኼ ግን ዝም ብሎ ይሰማል። እንዲህ ያለ ጉባኤ እኔም አላገኘሁ።»

አሸናፊ ሆነው የከረሙትን አይፈልጉም። «የሞላለትን ምን አየዋለሁ?» ይላሉ። የሚከታተሉት ገና ብቅ ብቅ የሚሉትን ልጆች ነው። የፈረንጅ ስም አልያዝላቸው ስላለ ስም አወጡላቸው። ኳሷን በመታች ቁጥር የምትጮኸው «እሪ ባይዋ» ናት፤ መጀመሪያ የሰሟት ቀን አማትበው «ምጥ ይዟታል እንዴ?» ብለው ነበር። «ጭምቱ» የሚሉት ከሜዳው ጀርባ ቆሞ የመጣለትን ሁሉ የሚመልሰው ነው፤ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ፊቱ አንድ ነው። ሦስተኛው «ችኩሉ» ነው። ችኩሉ ወደ መረቡ ዘው ይላል፣ ከራሱ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ራኬት ይሰብራል። ግን አንዳንዴ ኳሷን ከመረቡ ማዶ ጠብ ያደርጋታል፤ ባላጋራው ቆሞ ከማየት በቀር ምንም አያደርግም።

ጭምቱ ሲመታ አባቴ «ደግ ነው» ይላሉ። ችኩሉ እኔን ያስጨበጨበኝን ምት ሲመታ ደግሞ መቋሚያቸው ይነሣል። «ተው! ከዚህ የተሻለ ነበረህ!»

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ያንን ቁጣ አውቀዋለሁ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ እሳቸው ቅኔ ቤት ነበርኩ። ተማሪ ሁሉ ቀን ሜዳ ላይ ቆጥሮ ያዘጋጀውን ቅኔ ሲመሽ በየተራ ለየኔታ ይናገራል። ጓደኞቼ ይናገራሉ፣ «ደግ ነው» ይባላሉ፣ ይቀመጣሉ። የእኔን ግን ከመጀመሪያው ቤት ጀምረው ያፈርሱታል። አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ሜዳ ላይ ተቀምጬ የደከምኩበትን መወድስ፣ ስምንቱንም ቤት አንድ በአንድ ጣሉት። «ቀኑን ሙሉ የት ዋልክ?» አሉኝ። ተማሪው ሳቀ። በማግስቱ ቅኔውን ትቼ አስኳላ ልገባ ወደ ቢቸና ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ «አልታደልኩም» ነው።

እሳቸውም ከዚያ በኋላ ተለወጡ። ዲግሪዬን ስይዝ «ደግ ነው»። ሳገባ «ደግ ነው»። ሥራ ስቀጠር «ደግ ነው»። አባቴ ለሰለሱልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ኖርኩ።

ባለፈው ሰኔ ችኩሉ እየመራ ሳለ እግሩ ታጠፈና ወደቀ። ተደግፎ ወጣ። ዘወር ብዬ ሳይ አባቴ በጋቢያቸው ተሸፍነዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም፣ በእናቴ ቀብር እንኳ። ምሳቸውንም አልነኩም።

«የኔታ፣ የሚጠሉት ልጅ አይደለም እንዴ?»

ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው የጅል ጥያቄ እንደጠየቀ ሰው አዩኝ። «ማን ጠላው? የማይሆንለትንማ ምን ብዬ እቆጣዋለሁ? እንዳያፍር ደግ ነው እለውና አሳልፈዋለሁ። ቁጣማ ላለው ነው።»

«ጭምቱስ?»

«እሱማ ደኅና ልጅ ነው። እንጀራውን ይበላል።»

ክው አልኩ። ቁጣቸው ምን ማለት እንደነበረ የቅኔ ቤቱ ልጆች ሁሉ ሳያውቁት አልቀሩም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተባረርኩ መስሎኝ ኖርኩ። «እኔስ?» ልላቸው አስቤ ተውኩት።

ወደ ቢቸና ስመለስ መኪናው ውስጥ ጉባኤ ቃና ቆጠርኩ፤ ሁለት ቤት ብቻ፣ የጀማሪ ቅኔ። ከቅኔ ቤት ከወጣሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ሳምንት የተማሪ ፈተና እያረምኩ ሳገላብጠው ከረምኩ። ሁለተኛው ቤት ያነክሳል። ማንም ጀማሪ ያገኘዋል። ማቃናት እችል ነበር፤ ሆን ብዬ ተውኩላቸው።

ቅዳሜ ሞጣ ደረስኩ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ፊት ለፊታቸው እንደ ድሮው እጄን አጣምሬ ቆምኩና ቅኔዬን ተናገርኩ። የሚያነክሰው ቤት ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ እንዲሰሙት። መቋሚያቸውን ዓይን ዓይኑን አየሁት። አምላኬ፣ ይቆጡኝ አልኩ በልቤ።

አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ደግ ነው ልጄ» አሉ። «ደግ ነው።»

ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። ችኩሉ ቁርጭምጭሚቱን በፋሻ ጠምጥሞ ወደ ሜዳ ተመልሷል። ገና የመጀመሪያውን ኳስ ሲመታ መቋሚያው ተነሣ።

«ተው!» አሉት።