ጅቡና የእናቴ ሦስት መሳቢያዎች

ልጅ ሳለሁ፣ ደብረ ማርቆስ ስንኖር፣ መብራት ሲጠፋ ከእኔና ከታናሽ ወንድሜ የበለጠ የሚደሰት በሰፈሩ አልነበረም። መብራት ከሌለ ቴሌቪዥን የለም፤ ቴሌቪዥን ከሌለ ደግሞ እማዬ ተረት ትጀምራለች። የከሰሉ ፍም ፊቷን ከሥር ያበራዋል፣ የሻማው ጭስ ዓይናችንን ይቆጠቁጠናል፣ እኛ ግን ንቅንቅ አንልም። እማዬ እጇ ሥራ ካልያዘ ተረት አይመጣላትም ነበር። ምስር እየለቀመች ወይም ሹራብ እየሠራች ነው የምታወራው፤ እጇ ሲቆም ተረቱም ይቆማል።

በአንዱ ዓመት ግን እጇ የያዘው መላጊያ ነበር፤ አዎ፣ የአናጢ መላጊያ! ብፌያችንን የሠራልን ሰው ሦስቱን መሳቢያዎች ያለ ፊት ትቷቸው፣ «ነገ መጥቼ እገጥመዋለሁ» እንዳለ አገር ለቆ ሄደ። ሹካው፣ ክሩ፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ሳይቀር ለገባው ለወጣው ይታይ ስለነበር እማዬ መጋረጃ ሰቀለችበት። የአባቴ እናት ከየጁቤ በመጡ ቁጥር ያንን መጋረጃ በጣታቸው ገለጥ አድርገው፣ «ይሄ ብፌ ዛሬም ሻሹን አላወለቀም?» ይላሉ። ጎረቤት ይስቃል፤ እማዬም አብራ ትስቃለች። እንግዳው ከሄደ በኋላ ግን ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አይቻታለሁ።

ያኔ አያቴ ለጥምቀት እንደሚመጡ ሲሰማ፣ «በቃ! እኔው እሠራዋለሁ» አለች። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርና ከደጀን ደውሎ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። «ደግሞ አናጢ ሆንሽልኝ?» እማዬ ስልኩን ዘጋችና ከጎረቤታችን ከባለሱቁ ከጋሽ ሰይድ መጋዝና መላጊያ ተዋሰች።

ከአሮጌ አልጋ ራስጌ የዋንዛ ጣውላ አወጣች። የመሳቢያዎቹን ክፍተት በክር ለክታ ሦስት ፊት ቆረጠች። ማታ ማታ እሱን እየላገች፣ ፍቅፋቂውን ፍሙ ላይ እየጣልን፣ ሽታው ቤቱን እየሞላው፣ ቤቷ በር ስለሌላት ባልቴት ታወራልን ነበር። ጅቡ በየምሽቱ ደጃፏ ይመጣና «በርሽ የታለ?» ይላታል፤ እሷም «እየሠራሁት ነው፣ ነገ ና» ትለዋለች። ጅብ ሆና ስትናገር ድምፅዋ ጎርናና ይሆንና ወንድሜ ብብቴ ሥር ይሸጎጣል።

ለከተራ ጥቂት ቀን ሲቀር ሦስቱም ፊቶች ክፍተታቸው ውስጥ ልክክ አሉ። እኛም አጨበጨብን። ከዚያስ? በዓል ሲመጣ የማይታጠብ ነገር አለ እንዴ? እማዬ ወለሉን አጠበች፣ ስኒውን አጠበች፣ የመሳቢያዎቹንም ፊቶች አውጥታ በሳሙናና በውኃ ፈትጋ ፈትጋ አጠበቻቸው! ጣውላው ውኃ እንደጠጣ ባቄላ አበጠ። ብትገፋው፣ በመዶሻ መታ መታ ብታደርገው፣ አንዱም አልገባ አለ።

ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ያን ማታ ተረት የለም። ሁላችንም የምናስበው የአያቴን ጣት ነበር። በመጨረሻ ወንድሜ ፈራ ተባ እያለ፣ «እማዬ፣ ጅቡ ገባ እንዴ?» አላት።

ቀና ብላ አየችው። «ምን ያስገባዋል! እኔ ሳለሁ?» አለችና ሳቀች። ጣውላዎቹን ጥላ ውስጥ ዘርግታ አደረቀቻቸው፤ ከዚያም መላጊያውን አንስታ ጠርዛቸውን፣ በዙሪያቸው ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት እስኪቀር፣ ቀስ እያለች ላገች። እየላገችም ተረቱን ጨረሰችልን፤ ባልቴቷ በሯን በጅቡ አፍንጫ ላይ ድርግም አድርጋ ዘጋችው። በመጨረሻም ፊቶቹን መሳቢያዎቹ ላይ በሚስማር መታች፣ እጀታ ገጠመችላቸው፣ መጋረጃውንም አወረደች።

የጥምቀት ዕለት ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ፣ አባቴም ከመንገድ ተመልሶ ነበር። አያቴ እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን መጋረጃው ወደነበረበት ሲሰዱ ጣውላ ነኩ። እጀታውን ሳቡት፤ ምንም ሳያንገራግር መጣ። ዘጉት፣ እንደገና ከፈቱት።

«ይሄን ማን ሠራው?» አሉ።

አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። በእኛ አገር ሴት ሲያመሰግኗት «ኧረ ይተዉ፣ ምኑ ተሠራና» ብላ አንገቷን መድፋት ነው ወጉ። እማዬ ግን ቀጥ ብላ ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማት፣ «እኔ ነኝ እማማ። በገዛ እጄ ነው የሠራሁት» አለች።

አያቴ ነጠላቸውን አውልቀው አጣጠፉና ከላይኛው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «እጅሽን ይባርከው» አሉ።

ከእነዚያ ምሽቶች ብዙ ተረት ጠፍቶብኛል፤ የጅቡን እንኳ ለልጆቼ ሳወራ ግማሹን ከራሴ ጨምሬ ነው። የዚያ ቀን የእማዬ ድምፅ ግን አንድም ቃል አልጎደለብኝም። ዛሬም ሰው ሥራዬን ሲያደንቅልኝ አንገቴን ልደፋ ስል ያ ድምፅ ይቀድመኛል፤ ቀና ብዬ «እኔ ነኝ የሠራሁት» እላለሁ። «ኮራሽ» የሚለኝ አይጠፋም። አዎን፣ ኮርቻለሁ፤ የእሷ ልጅ ነኛ!