የጋሼ ያርጋል ጢም

መላጫውን የገዛሁት ጎንደር፣ መናኸሪያው አጠገብ መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ ባትሪ፣ መቀስና የጥፍር መቁረጫ ከሚሸጥ ሰው ነው። የማይዝግ ብረት ነው፤ እጅ ላይ ሲይዙት ከበድ ይላል። እጀታው ሲዞር ይፈታና ሦስት ቦታ ይለያያል፤ በሁለት ወገን የተሳለውን ስስ ምላጭ መሃሉ አስገብቶ መልሶ ማጥበቅ ነው። ዋጋውም አይጎዳም። የገዛሁት ለራሴ አልነበረም፤ ለእኅቴ ባል ለጋሼ ያርጋል ነበር።

እኅቴ የትናየት ካረፈች ዓመት ሊሞላት አንድ ሳምንት ቀርቶ ነበር።

በእኛ ቤት ወግ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ጢሙን ያሳድጋል፤ አንዳንዱ እስከ አርባው፣ አንዳንዱ እስከ ሙት ዓመቱ። ቀኑ ሲደርስም ራሱ ተነሥቶ አይላጭም፤ የሟች ወገን «ይበቃሃል» ሊለው ይገባል። ሳይባል ከተላጨ «ሌላ ሴት አየ» ይሉታል። እናትና አባታችን ስለሌሉ ይህን የመናገሩ ነገር የወደቀው በእኔ ላይ ነው። ባዶ እጄን ከምናገር አንድ ነገር ይዤ ልሂድ አልኩ።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ጋሼ ያርጋል ድሮ የሚላጨው አንዴ ተላጭተው በሚጥሉት የላስቲክ መላጫ ነበር፤ እሱ ግን አይጥለውም፣ አንዱን ሁለት ወር ይጠቀምበታል። ጢሙ ከርዳዳ ነው። ከተላጨ በኋላ ፀጉሩ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባና አንገቱ ሥር ያብጣል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የትናየት በር ላይ በርጩማ አውጥታ ታስቀምጠውና የገባውን ፀጉር በመርፌ እያነሣች ታወጣለታለች። «ኧረ ዝም በል፤ በሬ ሲቀጠቅጡት እንኳ እንዲህ አይጮህም» ትለው ነበር። እንዲህ ያለው ባለ አንድ ምላጭ መላጫ ቆዳ እንደማይጎዳ ከራሴ አውቃለሁ።

የሙት ዓመቷ ዕለት ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሲሄድ ሁለታችን ቀረን።

«ጋሼ፣ ይበቃሃል» አልኩት።

መላጫውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «ይኸማ ለሙሽራ ነው የሚሆን» አለ።

«ለአንተ ነው ያመጣሁት።»

«እሺ ምስክር። እግዜር ይስጥህ።» መደርደሪያው ላይ፣ ከጨው ዕቃው ጎን አስቀመጠው።

ጥር አለቀ፤ ጢሙ እንዳለ ነው። የካቲት ገባ፤ እንዳለ ነው። ሰፈሩ «ጋሼ ያርጋል ሊመነኩስ ነው» ማለት ጀመረ። እኔም ሐዘኑ አልወጣለት ብሎ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሐዘኑ ብቻ እንዳልነበረ ኋላ ራሱ ነገረኝ፤ ለዘር የሚሆን ነጭ ሽንኩርት አብረን ስንፈለፍል። እንደነገረኝ እጽፈዋለሁ።

ከጓሯቸው የሚወጣውን ነጭ ሽንኩርት ደባርቅ ገበያ ወስዳ የምትሸጠው የትናየት ነበረች። እሷ ከሞተች በኋላ ጋሼ ያርጋል እዚያው ቦታዋ ላይ ተቀምጦ ሊሸጥ ሞከረ። በመጀመሪያ የሚያልፈው ሁሉ «አይዞህ» ይለዋል። ጥቂት ወር ሲቆይ ደግሞ ማንም ምንም አይለውም። ሁለቱም ከበዱት። ስለዚህ በገበያ ቀን ማልዶ በሚኒባስ ወደ ዳባት መውረድ ጀመረ፤ እዚያ የሚያውቀው ሰው የለም።

የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ባርኔጣውን ነፋስ እየወሰደበት ሲቸገር የትናየትን ነጭ ነጠላ ራሱ ላይ ይጠመጥም ጀመር። ክረምቱ ሲወጣ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሶ ነበር፤ አብዛኛውም ነጭ ነው። ጋቢውን ደርቦ ሲቆም እንዴት እንደሚታይ አላሰበውም፤ ቤቱ ውስጥ የነበረችውን መስታወት በሐዘኑ ሰሞን ወደ ግድግዳው አዙረዋት እንደዚያው ቀርታለች።

አንድ ጠዋት ሚኒባስ ሲገባ አንድ ጎረምሳ ብድግ አለና «አባ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለው። ዕድሜውን አይቶ መሰለው። ገበያ ሲደርስ ግን ከጎኑ ባቄላ የምትሸጥ ስጦታ የምትባል ሴት ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለች። «አባ፣ ይፍቱኝ» ብላ እጁን ሳመች።

ቄስ አይደለሁም ሊላት ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሰው እጁን ከነካው ብዙ ወር ሆኖታል።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አላት።

ይኸ ኃጢአት አይደለም ብሎ አሰበ፤ የሚፈታው እግዚአብሔር ነው፣ እኔ ምን አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን «መስቀልዎን ረሱት እንዴ?» አለችው። «ረሳሁት» አላት። ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ ሄደ። እንቅልፍ እንቢ ያለ ሕፃን ልጇን አምጥታ ራሱን አስዳበሰችው። ሌላዋ ጾም ስለመግደፍ ጠየቀችው፤ «የንስሐ አባትሽን ጠይቂ» ብሎ አመለጠ። እሷም «ትሑት ናቸው» ብላ አስወራችለት። ሲገባ ይነሡለታል፣ ሲወጣ «ይጸልዩልን» ይሉታል። ከዚያ ደባርቅ ተመልሶ ድንች ቀቅሎ ይበላል፤ ሬዲዮ ይከፍታል። እስከሚቀጥለው ገበያ አፉን የሚከፍትበት ነገር የለም።

መላጫውን ያመጣሁለት በዚህ መሃል ነው።

«አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፈታሁት» አለኝ። «ሦስቱንም ቁራጭ ገበታ ላይ ደረደርኩ። ገጠምኩት። መልሼ አስቀመጥኩት።»

«ለምን?»

የያዘውን ሽንኩርት ፈልፍሎ ጨረሰ። «ብላጨው ማን ያናግረኛል ብዬ ነዋ።»

ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ገበያው ሞቅ እንዳለ፣ አንዲት ሴት ሰው እየገፋች መጣች። ጽጌሬዳ እንደምትባል ስጦታ ስትጠራት ሰማ።

«አባ፣ እናቴ ልታልፍብኝ ነው» አለችው። «የንስሐ አባቷ ጎንደር ወርደዋል። ሳትናዘዝ እንዳትቀር ይድረሱላት።»

«ሌላ ቄስ ፈልጊ ልጄ። እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም» አላት።

«ነፍስ ደግሞ አገር አላት?» አለች ስጦታ። «ሽንኩርትዎን እኔ አይልዎታለሁ። ይሂዱ እንጂ፣ አባ።» ጋቢውን ከመሬት አንሥታ ትከሻው ላይ ጣለችለት። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። ተነሣ።

እዚያች ቤት ማዕዘን ላይ ስደርስ እነግራታለሁ ይላል፤ ያልፋታል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ይላል፤ ያልፈዋል። እንዲህ ሲል ደጃፉ ደረሰ። ቤት ውስጥ የነበሩት ሰዎች «አባ መጡ» ተባብለው አንድ በአንድ ወጡ፤ ኑዛዜ ሰው አይሰማውምና። ጽጌሬዳም ወጥታ በሩን ዘጋችው።

አሮጊቷ መደብ ላይ ተኝታለች። ክንዷ ቀጥኖ ጭራሮ መስሏል፤ ዓይኗ ግን ንቁ ነው። እጁን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው።

«አባ፣ ሠላሳ ዓመት የደበቅሁት ነገር አለኝ» አለች። «እኅቴን ነው የበደልኩት። ያኔ አባታችን ሲሞት…»

ሰምቶ «እግዚአብሔር ይፍታ» ሊላት ይችላል። ማንም አያውቅም። እሷ ግን ተፈታሁ ብላ ሳትፈታ ትሄዳለች።

«እማማ፣ ይቆዩ። አይንገሩኝ» አላት።

«ለምን?»

«ቄስ አይደለሁም።»

አሮጊቷ እጁን ለቀቀች።

«ታዲያ ምንድን ነህ?»

«ነጭ ሽንኩርት ሻጭ ነኝ።»

«ይኸ ጢምስ?»

«የሐዘን ነው። ሚስቴ ሞታብኝ።»

«መቼ?»

«ዓመት ከሁለት ወር ሆናት።»

«ወገኖቿ ተላጭ አላሉህም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

አሮጊቷ ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች።

«ስሟ ማን ነበር?»

«የትናየት።»

«ነፍስ ይማር። በል አሁን ሩጥ። እኔ ጊዜ የለኝም፤ ቆመህ አትየኝ።»

ደጅ ወጥቶ ለጽጌሬዳ እውነቱን ነገራት። ድምፅዋን አላነሣችም። «ስንት ሰው አታለልክ?» ብቻ አለችው፤ መልሱንም ሳትጠብቅ ገባች። ጉልበቱ ከታመመ ቆይቷል፤ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ያለውን ዳገት ሮጠው። ቄስ ሚናስ የሚባሉ ካህን ከግቢው ሲወጡ አገኛቸውና ቃሉ እየተቆራረጠ ነገራቸው። ሌላ ሳይጠይቁ ቀድመውት ወረዱ።

እሱ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ከቤቱ ሰዎች ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ቄስ ሚናስ ብዙ ቆይተው ወጡ፤ መስቀላቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ አጠገቡ ቆሙ።

«ደርሰናል» አሉት። ነጭ ጥምጥሙንና ጢሙን አዩ። «ከየት ነህ?»

«ከደባርቅ።»

«እንግዲህ በሰላም ግባ» አሉትና ሄዱ።

ሽንኩርቱን ስጦታ ጋ እንደተወ ደባርቅ ገባ።

በማግሥቱ ጠዋት ውሃ አሞቀ። መስታወቷን ከግድግዳው መልሶ አቧራዋን ጠረገ። መጀመሪያ ጢሙን በመቀስ አሳጠረው፤ ጋዜጣ ላይ የወደቀው ክምር የበግ ጠጉር ይመስል ነበር አለኝ። ከዚያ ፊቱን በሳሙና አረፋ ቀባ። መላጫውን ሲገጥም ግን የታችኛውን ቁራጭ ገልብጦ ኖሯል፤ ጉንጩ ላይ ቢስበው አረፋውን ብቻ ጠርጎ ወረደ። ፈትቶ አስተካከለው። አሁን ደግሞ እንደ ላስቲኩ ተጭኖ ሳበውና አገጩ ላይ ቆረጠው። ደሙን በቀዝቃዛ ውሃ አጥቦ ወረቀት ለጠፈበት። ሦስተኛው ላይ ገባው፦ ብረቱ ራሱ ከባድ ስለሆነ እጅ መጫን የለበትም፤ ዘንበል አድርጎ መልቀቅ ብቻ ነው። ፀጉሩ ሲቆረጥ ክርክርክር የሚል ድምፅ ያሰማል። ቤቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ ስላልነበረ ጎልቶ ይሰማ ነበር።

ሲጨርስ የታየው ፊት ጉንጩ ገብቶ፣ ከዚያ በታች ነጣ ብሎ፣ የሌላ ሰው መሰለው።

ከሦስት ቀን በኋላ አንገቱን በጣቱ ዳበሰው። ለስላሳ ነው፤ በመርፌ የሚወጣ አንድም ፀጉር አልነበረም። «እንዴት ነው መላጫው?» ስለው «ጥሩ ነው፣ ምንም አላሳበጠኝ» አለኝ።

በገበያው ቀን ባርኔጣውን አድርጎ ወረደ። ሚኒባስ ውስጥ የተነሣለት የለም፤ ረዳቱ «ጠጋ በል፣ ሽማግሌው» ብሎ ኋላ ወንበር ላይ ሸጎጠው። ገበያ ደርሶ ቦታው ላይ ሊቀመጥ ሲል ስጦታ ከለከለችው።

«እዚህ ሰው አለ» አለችው። «አንድ አባ ናቸው። ባለፈው ሊያናዝዙ ሄደው አልተመለሱም፤ ጆንያቸውም እኔ ጋ ነው።»

«እኔ ነኝ» አላት።

ድምፁን ስትሰማ እጇ ባቄላው ላይ ቀረ። ብዙ አየችው።

«እጅህን ስሜአለሁ እኮ።»

«አዎ።»

«ልጄን አስዳብሼሃለሁ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ሰላምታሽ ደስ ብሎኝ ነው» አላት።

ከኋላዋ ጆንያውን ጎትታ ፊቱ አስቀመጠችው፤ አንድም ራስ አልጎደለም። ከዚያ የራሷን ሸራ ይዛ ክንድ ያህል ፈቀቅ አለች። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጽጌሬዳ መጣች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ሽንኩርቱን እያነሣች ታያለች፤ እሱን አላወቀችውም።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት።

«አሜን።» ቀና አለች። «እንዴት አወቅህ?»

«ልብስሽን አይቼ።»

«እናቴ ናት» አለችና ሁለት ጉንጉን መረጠች። እሱም አንድ ጨመረላት። አመስግና ሄደች።

«ለምን አልነገርካትም?» አልኩት።

«ብነግራት የሚቀልለኝ እኔን ነው» አለ። «እሷ በዚያ ሰሞን የምትሸከመው ሞልቷታል።»

አሁንም በየገበያው ዳባት ይወርዳል። ገበያ ከመውረዱ በፊት በየሳምንቱ ይላጫል፤ በዚህ ዕድሜው እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ስጦታ ክንድ ያህል እንደራቀች እንደምትሸጥ ነገረኝ።

«ምንም አትልህም?»

«ባለፈው ሳምንት ሰማዩን አየችና ‹ሊዘንብ ነው› አለች። ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«‹ይመስላል› አልኩ።»

የቀረችውን አንዲት ራስ ሽንኩርት አንሥቶ መፈልፈል ጀመረ።