ታክሲ ውስጥ የቀረው አደራ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ እዚህ ናይሮቢ ትልቁ ዝናብ ሊገባ ሰማዩ መጥቆር በጀመረበት ሰሞን ነው። ላፕቶፕ ጠፍቶ መገኘቱ ብቻውን ወሬ አይሆንም። እኔን እስካሁን የሚያብከነክነኝ እንዲገኝ ያደረገው ሰው ነው። ያ ሰው ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም።

ሙሉጌታ ይባላል፤ እኛ ሙሌ ነበር የምንለው። ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ጎረቤታሞች ነበርን። እሱ የኮምፒውተር ሰው ነው። እኔ ደግሞ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት አስተርጓሚ ነኝ። በስደት መንገድ መከራ ያዩ የሀገሬ ሴቶች የሚነግሩኝን በድምፅ እቀዳለሁ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ።

ላፕቶፔ አርጅቶ ሲንቀራፈፍብኝ "ሙሌ፣ በናትህ አንድ በለው" አልኩት። በማግስቱ መለሰልኝ። የማውቀው ነገር ሁሉ የለም! "በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጫንኩልሽ" አለኝ፣ ልጅ የተወለደለት ይመስል ፊቱ በርቶ።

እውነትም ፈጠነ። ግን ዋይፋዩ ሲፈልግ ይይዛል፣ ሲፈልግ ይተዋል። ፕሪንተሩ አላውቅሽም አለኝ። ዌስትላንድስ ሰፈር ስብሰባ ላይ ፕሮጀክተሩ እምቢ ብሎኝ በሰው ፊት ላቤ ተንቆረቆረ። እየተሳደብኩ የሙሌን በር አንኳኳለሁ። እሱ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ይመጣል፣ የሆነ ነገር ቸክ ቸክ አድርጎ ይጽፍበታል፣ ይስተካከላል። "ታዛዥ እኮ ነው፤ አንቺ ነሽ የምትቆጪው" ይለኛል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የይለፍ ቃሉ ነበር። ገና ሲበራ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ካልጻፍኩለት ንቅንቅ አይልም። "አንሳልኝ፣ እኔ ምን ሰላይ ነኝ!" ብዬ ስንቴ ለምኜዋለሁ። "ያንቺ ቢሆን አነሳልሽ ነበር፤ ውስጡ ያለው የእነዚያ ሴቶች ነው" ይላል። የይለፍ ቃሉን ስጽፍ ደግሞ ሁልጊዜ ተነስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ሰው ልብስ ሲቀይር እንደሚደረገው። "ኧረ ሙሌ፣ ካንተ ምን እደብቃለሁ?" ስለው "ልመጂ፤ ማንም ቢሆን እንዲዞር ንገሪው" ይለኛል።

የይለፍ ቃሉ የሚጻፍበት ጥቁር ስክሪን ላይም በአማርኛ አንድ መስመር አስገባልኝ፤ "ይህ የሰው አደራ ነው፤ ላገኘውም ሰው አደራ ነው" የሚል። "ይልቅ ስልክ ቁጥሬን ጻፍበት" አልኩት። "ቁጥር ዱካ ነው። ሀበሻ ካየው ይበቃል" አለኝ። ሳቅኩበት። እሱ እንዲህ ነበር። በስልክ መክፈል እንኳን አይወድም። "ካሽ ዱካ የለውም" እያለ እኔንም ካሽ መያዝ አስለመደኝ።

ከዚያ አውሮፓ ሥራ አገኘና ሄደ። መጀመሪያ አካባቢ ይደውል ነበር። በኋላ ቁጥሩ አልሠራ አለ። ቤቱ ውስጥም ሌሎች ሰዎች ገቡ።

ያን ዕለት ከባልደረባዬ ከሂሩት ጋር ከመሀል ከተማ በታክሲ ወደ ኪሊማኒ መጣን። ቤቴ በር ላይ ስንደርስ ሂሩት ቦርሳዋን ስትከፍት አየሁና እጇን ያዝኩ።

"በማርያም እኔ ነኝ!"

"ሞቼ እገኛለሁ! ባለፈውም አንቺ ነሽ የከፈልሽው!"

ለትግሉ ሁለት እጅ ስላስፈለገኝ ላፕቶፑን ከነቦርሳው ከትከሻዬ አውርጄ መቀመጫው ላይ አኖርኩት። ሹፌሩ፣ ጎልማሳ ኬንያዊ፣ በመስታወቱ እያየን ይስቃል። በመጨረሻ አሸነፍኩ። ካሹን መዳፉ ላይ ጥዬ፣ ሂሩትን እየጎተትኩ፣ ጦር ሜዳ ድል እንዳደረገ ሰው ወረድኩ።

ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ላወርድ ትከሻዬን ስነካው ምንም የለም። ክው አልኩ። ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ፤ መኪናው ሄዷል። በስልክ ከፍዬ ቢሆን የሹፌሩ ቁጥር ይገኝ ነበር። ካሽ ነዋ! ዱካ የለውማ! ሙሌን በሌለበት ረገምኩት።

ላፕቶፑስ ይቅር፣ አሮጌ ነው። ግን ውስጡ ድምፃቸው አለ። አንዷ ልጅ እጄን ጭብጥ አድርጋ "ይህን እናቴ እንኳን አታውቅም፤ አንቺ ጋ ይቅር" ብላኛለች። ያ ድምፅ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዛወር፣ ሀገር ቤት ሲደርስ፣ እናትየው ስትሰማው ታየኝ። ሙሌ ቆልፎታል፤ ግን የማይሰበር ቁልፍ አለ? እኔ ምን አውቃለሁ! በማግስቱ ከሂሩት ጋር የታክሲ ማቆሚያዎቹን ስንዞር አረፈድን። "ሰማያዊ መኪና፣ የሚስቅ ሹፌር" ከማለት በቀር የምንለው አልነበረንም።

ለአለቃዬ ልናገር ወስኜ ወደ ቢሮ ስንመለስ ሂሩት ስልኳን እያየች "ውይ! ውይ!" አለች። እዚህ ያለን ሀበሾች የምንጻጻፍበት ግሩፕ ላይ ፎቶ መጥቷል። ጥቁር ስክሪን፣ መሀሉ ላይ የሙሌ መስመር። ከሥሩ "ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ ምግብ ቤት ይምጣ" ይላል። ለካ ሹፌሩ ያገኘው ከእኛ በኋላ ብዙ ሰው ጭኖ ነው፤ ከተሳፋሪው ሁሉ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሲከፍተው ፊደሉን አይቶ፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያየሁት ኪሊማኒ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት በር ላይ ነው ብሎ በቀጥታ እዚያ ወስዶታል።

ስንደርስ የምሳ ሰዓት ነው፤ ቤቱ ጢም ብሏል። ላፕቶፔ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሹፌሩ አጠገቡ በያይነቱ ቀርቦለት ይበላል። ዘልዬ ላፕቶፑን ላቅፈው ስል የምግብ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ታደሰ "ቆዪ ልጄ" አሉኝ። "ከጠዋት ጀምሮ የኔ ነው ብሎ የመጣው አንድ ሰው አይደለም። ያንቺ ከሆነ እስቲ ክፈቺው።"

ወዲያው ቤቱ በሙሉ ከኋላዬ ተከማቸ። እኛ ሰዎች ስንባል! "አንድ ሁለት ሦስት አራት ብለሽ ሞክሪ" የሚለኝ አለ፣ የስሜን ፊደል የሚጠቁመኝ አለ። ጣቴ ቁልፎቹ ላይ ቀረ። ውለታ በዋሉልኝ ሰዎች፣ በትልቅ ሰው ፊት "ዙሩልኝ" ማለት እንዴት ይከብዳል! ሌቦች ናችሁ እንደማለት ነው። ግን የዚያች ልጅ እጅ ትዝ አለኝ።

"ጋሽ ታደሰ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... ውስጡ ያለው የኔ ብቻ አይደለም። ፊታችሁን ብታዞሩልኝ?"

አንዱ "በላ! ጭራሽ!" ሲል ሰማሁት። ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር አነበቡ።

"አደራ ይላል እኮ" አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። "ምን ታፈጣላችሁ? ዙሩ!"

አስተናጋጇ ትሪዋን እንደያዘች ዞረች። በላተኛው ዞረ። ሹፌሩም የተባለው ባይገባውም ሰው ሁሉ ሲዞር ጉርሻውን ይዞ ዞረ። ያን ሁሉ ጀርባ ሳይ እንባዬ መጣ። አንድ ሙሌ እናፍቅ የነበርኩት ሴትዮ ቤት ሙሉ ሙሌ አገኘሁ! አንዴ ተሳሳትኩ፤ ደግሜ ጻፍኩት፣ ተከፈተ። ከእኔ በፊት ማንም አልገባበትም። "ተከፈተ!" ስል እልልታው ቀለጠ።

ከዚያማ የሹፌሩን ምሳ ማን ይክፈል? ሂሩት ቦርሳዋን ከፈተች፣ እኔ እጇን ያዝኩ። ሹፌሩ ይህን ሲያይ አፈፍ አድርጎ ላፕቶፑን ከጠረጴዛው አነሳና ጠባችን እስኪያልቅ ታቅፎት ቆመ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

በዚያው ሰሞን ለሙሌ ልነግረው ፈለግሁት። ፌስቡክ የለም፣ ቴሌግራም የለም። ስሙን ስጽፍ የማላውቃቸው ሙሉጌታዎች ይመጣሉ። ጓደኞቹን ብጠይቅ እነሱም መልሰው እኔን ይጠይቁኛል። ያለውን አደረገ፤ ዱካ አልተወም። ኮራሁበትም፣ ተናደድኩበትም።

ላፕቶፑ አሁንም ይሠራል። ዋይፋዩ ሲጠፋ ተነስቼ ፊት ለፊት ያለውን በር ላንኳኳ እልና እመለሳለሁ። ያኔ ያናደደኝ ነገር ሁሉ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ሙሌ፣ ይህ ጽሑፍ በሆነ መንገድ እጅህ ከገባ፣ አደራህ ደህና ነው። "ቁጥርሽን በየጊዜው ቀይሪ" ትለኝ ነበር፤ እሱን ብቻ አልሰማሁህም። ያው ፎቅ ላይ ነኝ፣ ቁጥሬም ያው ነው። ምናልባት ትፈልገኝ እንደሆነ ብዬ ዱካዬን አላጠፋሁም።