የእትዬ ንግሥቴ ዜሮ

ጥፋቱ የእኔ ይሁን የቅጹ፣ ወይስ የእትዬ ንግሥቴ፣ ዛሬም ድረስ አልለየልኝም።

በ1976 ዓ.ም. ከቡሬ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበርሁ። ባላገሩ መርፌ የያዘውን ሁሉ ዶክተር ይላልና እኔም ዶክተር ነበርሁ። እትዬ ንግሥቴ ስልሳ ያለፋቸው፣ ከአዊ ወላጆች የተወለዱ፣ የቀበሌውን ግማሽ ሕዝብ በእጃቸው የተቀበሉ የልምድ አዋላጅ ናቸው። ፍኖተ ሰላም ሦስት ሳምንት ሠልጥነው መቀስ፣ ምላጭና ክር ያለበት የቆርቆሮ ሳጥን ተሰጥቷቸዋል። ማንበብ ስለማይችሉ በየወሩ እየመጡ ይነግሩኛል፤ እኔ ቅጹን እሞላለሁ፦ የእናት ስም፣ የልጅ ስም፣ በአንድ ወር ውስጥ የሞተ።

በሁለት ዓመት ስልሳ አንድ ልጅ መዘገብሁ። የሞተ በሚለው ረድፍ ዜሮ። አለቆቻችን ቀበሌዎችን በሥራ ውጤት ያወዳድሩ ነበርና እትዬ ንግሥቴ አንደኛ ወጡ። በስብሰባ ላይ ተጨበጨበላቸው፣ ኩታም ተሸለሙ። እኔም አብሬ ኮራሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ከዚያ ለነፍሰ ጡሮች የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መጣ ተባለ። ትንሽ ስለሆነ የሚሰጠው አራስ ሕፃናት ለሚሞቱባቸው ቀበሌዎች ብቻ ነው። የእኛ ዜሮ ስለሆነ አንድ ብልቃጥ እንኳ አልደረሰንም።

በዚያው ሳምንት ሀብትነሽ የምትባል አራስ ጡቷ አብጦ ክሊኒክ መጣች። ልጁስ አልኋት። በሰባተኛው ቀን መንጋጋው ተቆልፎ እንደሞተ የነገረችኝ አብራት የመጣች እህቷ ናት። ያዋለዷት እትዬ ንግሥቴ ነበሩ። ደሜ ፈላ፤ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለምን ደበቁኝ አልኋቸው።

“ምን ደበቅሁህ?” አሉ። “ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ስም የለው። ስም የሌለው አይጻፍም ያልኸኝ አንተው አይደለህ?”

ብዬ ነበር። መጀመሪያ ላይ የልጅ ስም ያልተሞላበትን ቅጽ አለቃዬ ቢመልስብኝ፣ ልጆቹ ክርስትና ሲነሱ ስማቸውን ይዘው ይምጡ ብያቸው ነበር። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን። ለካ ስቆጥር የኖርሁት እስከዚያ የተረፉትን ብቻ ነው።

ስንት ልጅ ሳይጻፍ እንደቀረ ጠየቅኋቸው። ዐሥራ አንድ አሉ፣ ሳያስቡ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቁጥሩን ባርም የሁለት ዓመት ሐሰተኛ ሪፖርት ነው፤ በዚያ ዘመን አሻጥር ተብሎ ያሳስራል። እሳቸውም ሳጥናቸውን ይነጠቃሉ። ዝም ብል ደግሞ ክትባቱ አይመጣም፣ በቀበሌው ውስጥ ዘጠኝ ነፍሰ ጡሮች አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ቅጹን እያወጣሁ መልሼ አስቀመጥሁ። ፈራሁ።

በአራተኛው ቀን እትዬ ንግሥቴ ራሳቸው መጡና ጻፍ አሉኝ። ስም የላቸው፣ ምን ብዬ ልጻፍ አልሁ።

“እናት አላቸው” አሉ።

ከሀብትነሽ ጀምረው እናቶቹን አንድ በአንድ ጠሩልኝ፤ ልጁ በየትኛው ታቦት ዕለት እንደተወለደ፣ በስንተኛው ቀን እንደሞተ። ዐሥራ አንደኛዋ ላይ ሲደርሱ “አደይ” አሉ። አደይ የራሳቸው ልጅ ናት። ጻፍሁ፤ ቅጹንም ለአለቃዬ ላክሁ።

ክትባቱ በሁለት ወሩ መጣ። እኔን በማስጠንቀቂያ አለፉኝ። የእትዬ ንግሥቴ ቀበሌ ግን በውድድሩ የመጨረሻ ሆነ፤ አዋላጇ ደካማ ናቸውና ሳጥኑን ተረክበህ አምጣ ተባልሁ። ስሄድ መቀሱን አጥበው፣ አድርቀው ጠበቁኝ።

“እስቲ ንገረኝ፣ ዶክተር” አሉ። “ልጆቹን ስቀብር ተሸለምሁ። መሞታቸውን ስናገር ተሻርሁ። ጎበዝ የነበርሁ መቼ ነው?”

ሳጥኑን ታቅፌ ደጃቸው ላይ ቆምሁ።