ካዲዝን ለራሴ ያስቀረሁበት ክረምት

ጓደኛዬ ብቻዋን ደቡብ ስፔንን ስትዞር መንገዱን ያወጣሁላት እኔ ነበርኩ። ሁለታችንም ጆሃንስበርግ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ነን። እሷ እዚሁ ተወልዳ የደቡብ አፍሪካ ፓስፖርት አላት፤ አባቷ መሀል ከተማ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣሉ። እኔ በልጅነቴ ከወንድሜ ጋር ከሆሳዕና መጥቼ እስካሁን የያዝኩት የጥገኝነት ፔፐር ነው። በእሱ መማር ይቻላል፤ ከአገር ወጥቶ መመለስ ግን አይቻልም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጻካኔ ሰፈር ባለው የወንድሜ ስፓዛ ሱቅ ከፍርግርጉ ጀርባ ተቀምጬ ዳቦና የስልክ ኤርታይም እሸጣለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ በስልኬ የሆስቴል አስተያየቶችን አነባለሁ። ሴቪያ ውስጥ የሴቶች ክፍል ያለው የትኛው እንደሆነ፣ ግራናዳ ላይ ከመናኸሪያው ስንት ቁጥር አውቶቡስ እንደሚያዝ፣ ሁሉንም በአንድ ሰማያዊ ደብተር ጻፍኩ። የመጨረሻው ገጽ የካዲዝ ነበር። ባሕር ከሞላ ጎደል ዙሪያዋን የከበባት ከተማ ናት፤ ከሆስቴሉ ጣሪያ ላይ ሆኖ ውሃው ይታያል ይላሉ። ያንን ገጽ ለብቻው በአረንጓዴ ቀለም ጻፍኩት።

ጓደኛዬ በሰኔ ዕረፍት ልሂድ ስትል አባቷ እንቢ አሉ። ደብተሩን ይዘን ሱቃቸው ሄድን። መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አዩት።

«ሴቶች ብቻ ናቸው የሚያድሩበት?»

«አዎ ጋሼ። በሩም በካርድ ነው የሚከፈተው።»

«አንቺ ጠንቃቃ ልጅ ነሽ። አንቺ ካየሽው ትሂድ።»

መመስገን እወዳለሁና ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ወደምኖርበት ሰፈር ወደ ቤሪያ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው ደብተሩ እሷ ጋ መቅረቱ የታወሰኝ።

ቤሪያ የምንኖረው በአንድ አፓርታማ ዘጠኝ ሰዎች ሆነን ነው። የእኔ ቦታ በመጋረጃ የተከለለ ነው። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ጓደኛዬ ከሴቪያ የላከችውን የድምፅ መልእክት ከፈትኩ።

«አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን ነው የምንተኛው። ፍሪጅ ውስጥ ሁሉም ወተቱ ላይ ስሙን ይጽፋል። ደስ ሲል።»

ወንድሜ ሰምቶ ሳቀ። «ለዚህ ነው ባሕር የተሻገረችው? እኛ ጋ ትምጣ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ቦታ አለ በያት።»

የእኛም ወተት ላይ ስም አለበት። ቤቱ ሁሉ ሲስቅ አብሬ ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን እርር አለ። በየቀኑ ፎቶ መጣ። የብርቱካን ዛፍ ያለበት መንገድ፣ ጥግ ላይ ያለው ቡና ቤት፣ ሁሉም እኔ በጻፍኩት ቦታ ተገኝቷል። ደብተሬ አንድም አልተሳሳተም፤ የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው።

በአምስተኛው ቀን ጻፈች፦ «ነገ ካዲዝ ልሂድ አይደል? በአረንጓዴ የጻፍሽው።»

እንዲህ ስል መለስኩላት፦ «ተይው። ሆስቴሉ ትኋን አለበት የሚል አዲስ አስተያየት አየሁ።»

«ውይ፣ እግዜር ይስጥሽ። እዚሁ ሴቪያ እቆያለሁ።»

እንደዚያ የሚል አስተያየት አልነበረም።

ስትመለስ ሱቃቸው ጠራችኝ። አባቷ ለጎረቤታቸው ነጋዴ «ልጄን ከትኋን ያዳነቻት ይቺ ናት» እያሉ ነበር። ጎረቤታቸውም «እንግዲያው ለእኔም ልጅ ትጻፍላት፤ በታኅሣሥ ልትሄድ ነው» አሉ። ጓደኛዬ ወደ በሩ ወስዳኝ ደብተሩን ሰጠችኝ። በየገጹ ጠርዝ በእርሳስ ጽፋበታለች፦ «እውነት ነው»፣ «ዳገቱ ይገድላል»፣ «እዚህ አስታወስኩሽ»። የካዲዝ ገጽ ብቻ ምንም አልተነካም። ላፍር ሲገባኝ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ነው ያፈርኩት።

«ትኋን አልነበረም» አልኳት።

«ምን?»

«ፈጥሬ ነው። ቀድመሽኝ እንዳትደርሺ ብዬ።»

«በዚያ ሙቀት ሴቪያ ላይ ሦስት ቀን ተጠብሻለሁ፣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ እኮ ነሽ ‹ውሃ ጠጪ፣ ጥላ ያዢ› እያልሽ ስትመክሪኝ የነበረው።»

ደብተሩን ከእጄ ወስዳ አረንጓዴውን ገጽ አየችውና መልሳ ሰጠችኝ።

«አባዬ በአንቺ ምሎ ነው የላከኝ» አለች። «መጀመሪያ ለሱ ንገሪው። ማኩረፍ አለማኩረፌን ከዚያ አስብበታለሁ።»

ገባሁ። ጎረቤታቸው እስክሪብቶ አዘጋጅተው ይጠብቁኛል።

«ጋሼ፣ ስለ ካዲዝ የምነግርዎት ነገር አለ» አልኩ።

አባቷ የብርድ ልብስ እስር ሳቡልኝ። «ቁጭ በይና ንገሪኝ፣ ልጄ» አሉ።