የሰው አገር ጦርነት ሸክላ

ባለፈው ወር አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሪት ስትገባ የተለቀቀውን ሙዚቃ ወዲያው አወቅሁት። ጡሩንባው ቀደመ፣ ከበሮው ተከተለ፣ ከዚያ ቫዮሊኑ እንደ ደራሽ ውሃ መጣ። አንድ ሻለቃ ጦር ድልድይ ሊያፈርስ ሲሄድ የሚሰማ ዜማ ነው። ሙሽሪት ቬሏን እየጎተተች በዚያ ዜማ ወደ ባሏ ዘመተች። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ «እንዴት ያለ ክላሲካል ነው» አሉኝ። ለእኔ የመጣልኝ ፀሐይ ላይ የጋለ የባትሪ ድንጋይ ሽታ ነበር።

ሽታውን የማውቀው ከአምቦ ነው፤ ከተማችን በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረበት ዘመን፣ እኔም ገና አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት። በጥቂት ዓመት የሚበልጠኝ አንድ የሂሳብ አስተማሪ ጓደኛ ነበረኝ። የጦርነት ፊልም ሙዚቃ ይሰበስብ ነበር። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ፒያሳ ይወርድና፣ የራስ ቁር የደፋ ፈረንጅ ጥርሱን ነክሶ የሚሮጥበት ሽፋን ያለው ሸክላ በብብቱ ይዞ ይመለሳል። ሸክላዎቹን በጠርዛቸው ብቻ ነበር የሚይዛቸው። ሰው የሚዘፍንበት ሸክላ ቤቱ አይገባም። እንዲህ ያለው ለመጠጥ ቤት ነው ይል ነበር።

እሁድ ከምሳ በኋላ እሱ ቤት እንሰበሰባለን፤ እሱ፣ እኔ፣ አንድ የባንክ ጸሐፊና አንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰር። መብራት የሚመጣው ማታ ስለነበር ግራማፎኑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዮቹ ሲደክሙ በረንዳው ጫፍ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እኛም እነሱ ነፍስ እስኪዘሩ እንጠብቃለን። ከዚያ የባንክ ጸሐፊው እንደ ጳጳስ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ይኼ ማፈግፈጉ ነው» ይላል ድሬሰሩ።

«የምን ማፈግፈግ? ታንኮቹ በረሃውን ሲያቋርጡ ነው እንጂ» ይቆጣል የባንክ ጸሐፊው።

ከአራታችን አንዳችንም ፊልሙን አላየነውም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ብዙ ሰምቻለሁ። ስለዚያ ሙዚቃ ያለኝ አስተያየት ግን አልተሻሻለም። አሽቃባጭ ሙዚቃ ነው። ሰው ሲሞት ምን ሊሰማህ እንደሚገባ አስቀድሞ በጆሮህ ያንሾካሹክልሃል። ቫዮሊኑ ሲያለቅስ ታለቅሳለህ፤ ጡሩንባው ሲነፋ ትኮራለህ። ለአንተ የሚተውልህ ሥራ የለም። ለዚህም ነው መሰለኝ አራት ደመወዝተኞች ወንበራቸው ላይ ተዘርግተው፣ ጣት ሳያንቀሳቅሱ፣ በየሳምንቱ ጀግና ሆነው ወደየቤታቸው የሚሄዱት።

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ የአስተማሪው አባት ጌዶ አካባቢ የሚኖሩ አርበኛ መሆናቸው ነበር። በጣሊያን ጊዜ አምስቱን ዓመት ጫካ ነበሩ። ልጃቸው ግን በሕፃንነቱ አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ ለትምህርት ተልኮ እዚያው ስላደገ ኦሮምኛው ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። አንድ ቀን ስለ አባቱ ጦርነት ጠየቅሁት። «ምን የሚሰማ ነገር አለው? ዱር ለዱር መሯሯጥ ነው» አለኝ፤ ሸክላውንም ገለበጠ።

መስቀል እንዳለፈ አባትየው ሞቱ። ልጅየው የሰማው ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው። አጎቱ ሰው ልከው ቅዳሜ ለቅሶው ሜዳ እንደሚወጣ አስነገሩት። በዚያ አገር ደንብ የአርበኛ ፈረስ ተጭኖ፣ ጠመንጃውና ጋሻው ተይዞ ይወጣል፤ የበኩር ልጅ መካከል ቆሞ የአባቱን ሥራ በጌረርሳ፣ በጀግንነት ዜማ፣ ይናገራል። ልጅ ካልቆመ የወንድም ልጅ ይቆማል፤ ሟቹም ልጅ እንዳልነበረው ይቆጠራል። መልእክተኛው ይህንንም ሳይደብቅ ነገረው።

«ምን ብዬ ነው የምቆመው?» አለኝ።

እኔ በሁለቱም ቋንቋ ያደግሁ ስለሆንኩ ጥቂት ስንኝ ላስጠናው አልኩ። በተውሶ ግጥም አባቴን አላዋርድም ብሎ እምቢ አለ። ከዚያም በተውሶ ኦርኬስትራ ሊያከብራቸው ወሰነ።

በእህል መኪና ሄድን። ግራማፎኑን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ታቦት ታቅፎት ነበር። ያን ሳምንት ሰማዩ ደመና ስለነበረ ድንጋዮቹ ፀሐይ አላገኙም። ነገርኩት፤ አልሰማኝም።

ሜዳው የፈረስ ላብና የተረገጠ ሣር ይሸታል። ተራው ሲደርስ ሳጥኑን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ክዳኑን ከፈተ። ሕዝቡ የመንግሥት አዋጅ የመጣ መስሎት ፀጥ አለ። ጡሩንባው ሲጮህ የሟቹ ፈረስ ጆሮውን አቆመ። ከኋላዬ አንዱ «ኩን ማሊ?» ብሎ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ጓደኛው የፈረንጅ ለቅሶ ሳይሆን አይቀርም ብሎ መለሰለት። በእሱ ቦታ ሊቆም የተዘጋጀው የአጎትየው ልጅ ማዶ ቆሞ፣ ፈገግታውን ሳይደብቅ፣ ካባውን ያስተካክል ጀመር።

በመሀሉ ድንጋዮቹ ደከሙ። ሸክላው እየዘገየ ሄደ። ቫዮሊኖቹ ወርደው ወርደው የሽማግሌ ማቃሰት ሆኑ፤ ጡሩንባው እንደታመመ በሬ አጓራ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሟቹ እህት ግን ያንን ማቃሰት ተቀብለው በዚያው ድምፅ ማልቀስ ጀመሩ፤ ሴቶቹ ተከተሏቸው። ሸክላው ቆመ። እነሱ አልቆሙም።

ልቅሶው ጋብ ሲል ጓደኛዬ ባዶ እጁን ቀረ። በተሰባበረ፣ በሕፃን ኦሮምኛ፣ አንዲት ነገር ብቻ ተናገረ።

«እኔ አባቴን አላውቀውም።»

የአጎትየው ልጅ ወደፊት ተራመደ። ሽማግሌው አጎት ግን ልጃቸውን በዘንጋቸው አገዱት።

«ኢልማ ኮ» አሉት ጓደኛዬን፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ተቀመጥ። እኛ እንነግርሃለን።»

ሣሩ ላይ ተቀመጠ። የአባቱ የጫካ ጓዶች ተራ በተራ እየተነሱ፣ ፊታቸውን ከሕዝቡ ወደ እሱ አዙረው፣ ይነግሩት ጀመር። አባቱ የትኛው ዋሻ ውስጥ እንዳደሩ፣ የቆሰለ ጓድ ተሸክመው የትኛውን ወንዝ እንደተሻገሩ። አንድ ጊዜ ፈርተው መሸሻቸውንም ነገሩት፤ በዚህኛው ሁሉም ሳቁ። ወሬያቸው ቫዮሊን የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረውም። እኔ አጠገቡ ሆኜ በጆሮው አስተረጉምለት ነበር። ትንሽ ቆይቶ፣ ዓይኑን ከተናጋሪው ሳይነቅል፣ እጁን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጎ ዝም አሰኘኝ።

አምቦ የተመለስኩት ብቻዬን ነው። እሱ ዝውውር ጠይቆ እዚያው ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ወደ ነቀምት ስሄድ አውቶቡሳችን ጌዶ ላይ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ፣ ዛፍ ሥር፣ ሽማግሌዎች መሀል ተቀምጦ በኦሮምኛ ሲያወራ አየሁት። እጁን እያወናጨፈ ያስቃቸዋል። ልጠራው መስኮቱን ከፈትኩ። ወሬው መሀል ላይ ነበርና እስኪጨርስ ብዬ ጠበቅሁ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ፤ እሱ ገና አልጨረሰም ነበር።