ያልወደድኳት ዘይነባ

ባለፈው ሳምንት አውቶቡሳችን ሮቢት ላይ ሲቆም አንዲት ልጅ በመስኮት ጥንቅሽ ሸጠችልኝ። ቅርፊቱን በጥርሴ ስልጠው ጣፋጩ ውሃ አገጬ ላይ ፈሰሰና አስራ ሁለተኛ ክፍል ወደምማርበት ዓመት መለሰኝ፤ ቆቦ፣ የነሰይድ ማሽላ መሀል፣ ወፍ የምንጠብቅበት ማማ ላይ።

የኛን ማሽላ ወፍ እየጨረሰው እኔ የጓደኛዬን እርሻ እጠብቅ ነበር። ሰይድ ወንጭፉን ከራሱ በላይ አዙሮ ሲለቅ ልቤ አብራ ትበራለች። ፍቅር መሆኑን አውቄዋለሁ። በሰፈራችን ግን ለዚያ ፍቅር ስድብ እንጂ ስም አልነበረም።

ቤተሰቦቼ ደግሞ ሳይነግሯቸው የሚገባቸው ብልሆች ነን ባዮች ናቸው። እዚያ ቤት ምን እንደሚያመላልሰኝ ተመካከሩና ደረሱበት፤ የሰይድ እህት ዘይነባ ናት አሉ። አባቴ «ልጄ ወንድ ሆነ» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ፤ ሳይጠይቀኝም ሽማግሌ መረጠ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ሽማግሌዎቹ በሚሄዱበት ቀን ጠዋት፣ እናቴ ማሽላ ስታበጥር አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሌላው ቢቀር እሷ እንድታውቀኝ ፈለግሁ።

«እማ፣ እኔ የምወደው ዘይነባን አይደለም። ሰይድን ነው።»

ሰፌዱ እጇ ላይ ቀጥ አለ። መስማቷን ያወቅሁት በዚያ ነው። ከዚያ ማበጠሯን ቀጠለች።

«ታዲያ እህቱን ስታገባ እሱ አማችህ ይሆን የለ» አለችኝ ቀና ሳትል። «ሂድ፣ ለአባትህ የውዱእ ውሃ አቅርብለት።»

ዘይነባ ለካ ለአንድ የዋጃ ነጋዴ ታጭታ ኖሯል፤ ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እኔ እፎይ አልኩ። በማግስቱ ሰይድ ደጃችን መጥቶ፣ ግባ ብለው እንቢ ብሎ ቆመ።

«እህቴን ለማየት ነው ለካ ስትመጣ የኖርከው። እኔ ደግሞ ለኔ ብለህ መስሎኝ» አለኝ።

ለአንተ ብዬ ነው ብለው ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ መንገድ ላይ ሰላምታ እንኳ ነፈገኝ።

ያኔ አንድ ቀን የሚያየኝ ሰው አላጣም እል ነበር፤ ዛሬ፣ ፀጉሬ ሲሸብት፣ ተስፋው ራሱ ያስቀኛል። ሳላገባ መቅረቴን ቤተሰቦቼ በዘይነባ አሳበውታል። ወንድሞቼ ለልጆቻቸው «አጎታችሁ የሚወዳትን ተነጥቆ ነው» እያሉ ያወሩላቸዋል። ለአረፋ ስሄድ ምርጡ ሥጋ ወደ እኔ ይገፋል። እነሱስ አያውቁም፤ አልቀየማቸውም። እናቴ ግን ታውቃለች።

ዘንድሮ ስንሰነባበት እጄን ያዘችና ዘመድ ሁሉ እየሰማ «ልጄ፣ አሁንም ከልብህ አልወጣችም?» አለችኝ። ዓይኗን በዓይኔ ፈለግሁት፤ መሬት መሬት ያያል።

«አልወጣችም» አልኳት።

በሻሿ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። እናቴ አልቅሳልኝ የምታውቀው በዘይነባ ስም ብቻ ነው።